አፍንጫ ውጪ

ዲሪርሳን ካላያችሁት፣ ስለ አንድ መኝታ እንዲህ የሚጨቃጨቅ ሰው በምድር ላይ አለ ብላችሁ አታምኑኝም። ሥራችን አንድ ነው። እኔ ፈረንጆች ሰሜን ተራራ ሲወጡ ድስትና ቡታጋዝ አስጭኜ አብሬያቸው የምወጣ ምግብ አብሳይ ነኝ፤ እሱ ድንኳን ይተክላል፣ ዕቃ ይጠብቃል፣ ሲጨንቀኝም ሽንኩርት ይከትፍልኛል። አንዴ አንድ የጀርመን ሽማግሌ ዲሪርሳን ወደደውና ጉዞው ሲያልቅ የራሱን ስሊፒንግ ባግ ሰጥቶት ሄደ። ለማታውቁት፣ እንደ ከረጢት የተሰፋ ብርድ ልብስ ማለት ነው፤ እግርህን ሰደህ ትገባና ዚፑን ዘግተህ ትተኛለህ። የዲሪርሳ ደግሞ ውስጡ የተሞላው በጥጥ ሳይሆን በዝይ ላባ ነው። ስታነሳው ባዶ ከረጢት ይመስላል፤ ስትገባበት ግን ውርጭ ላይ ተኝተህ ያልብሃል።

ታዲያ የላባ ጠላቱ እርጥበት ነው። ከረጠበ እርስ በርሱ ይጣበቅና ድቅቅ ይላል፤ ያ ሁሉ ሙቀት ጠፍቶ እርጥብ ጨርቅ ታቅፈህ ታድራለህ። ዲሪርሳ ይህን ካወቀ ወዲህ ሰላም ነሳን። ከሥሩ ላስቲክ ሳያነጥፍ አይዘረጋውም። ጠዋት ፀሐይ ሳያስመታው አያጥፈውም። «የጋሽ ተድላ ድንኳን እንፋሎት ነው» ብሎ ወደ ማብሰያዬ አያስጠጋውም። ይኼ ሁሉ ይሁን። ሲመሽ ግን በባትሪ ከድንኳን ድንኳን እየዞረ፣ ፈረንጅ ሳይል ሀበሻ ሳይል፣ «አፍንጫ ውጪ!» እያለ ይጮኻል። ትንፋሽ ውሃ ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ ተከናንበህ ከተነፈስክ ላባውን ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስታጠጣው ታድራለህ፤ ራስህ ላይ ኮፍያ አድርግና አፍና አፍንጫህን አውጣ፣ ባይ ነው።

«አንተ የኔ አፍንጫ ምን አገባህ? ግብር የሚከፈልበት ነው?» እለዋለሁ። የኔ መኝታ የስፖንጅ ናት፤ ብትረጥብም ባትረጥብም ያው ናት።

«ጋሼ፣ አፍንጫ ውጪ!» ይላል እየሳቀ። ካላወጣሁ ከደጃፌ ንቅንቅ አይልም።

የምኖረውም እነዲሪርሳ ግቢ ነው። ጉለሌ ተወልጄ ያደግኩት ሰውዬ፣ የቤት ኪራይ እየገፋ እየገፋ እንጦጦን አሻግሮ ሱሉልታ ጣለኝ። አባቱ ኦቦ ገርባ ድርቆሽ እያጨዱ ለከተማ ይሸጣሉ፤ እናቱ አዴ ወርቂቱ ላሞቹን ያልባሉ፣ ወተቱንም ጠዋት ጠዋት መኪና እየመጣ ይወስድላቸዋል። ታናሽ እህቱ አያንቱ ተማሪ ናት። እኔ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነኝ። ተከራይ ነው ብለው አይንቁኝም፤ ሲቆጡኝም እንደ ዘመድ ነው የሚቆጡኝ።

በታህሳስ 2008 ማስተር ፕላኑ አገሩን ያመሰ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያለውን ጠቅልላ ልትሰፋ ነው፣ መሬታችን ሊሄድ ነው ተብሎ ሰዉ በየቦታው መንገድ ወጥቶ ነበር። ፈረንጆቻችን ከጎንደር በአውሮፕላን ሄደዋል፤ እኛ ዕቃውን ይዘን በመኪና እየተመለስን ነው። ጫንጮ ስንደርስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ልጆች ቆመዋል፤ የሚበዙት ተማሪዎች ናቸው። ሾፌራችን ጸሎት ጀመረ። ዲሪርሳ ግን፣ «ቆይ ላናግራቸው፣ የአገሬ ልጆች ናቸው» ብሎ ወረደ።

በኦሮምኛ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ አየሁ። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ድንጋዩን ማንሳት ጀመሩ። ዲሪርሳም አብሯቸው ያነሳል። ያኔ ከፊት ለፊት መኪና መጣ። መለዮ የለበሱ ሰዎች ዘለው ወረዱ፣ ልጆቹ በየማሳው ተበተኑ። ዲሪርሳ አልሮጠም። ምን አድርጎ ይሮጣል? መንገድ እየከፈተ እኮ ነው! ሲደርሱበት ታዲያ ድንጋዩ በእጁ ነበር።

ወርጄ፣ «ኧረ በሕግ አምላክ! የኛ ሠራተኛ ነው! መንገድ እየጠረገልን ነው!» ብዬ ጮኽኩ። አንዱ መሣሪያውን ወደኔ መለስ ሲያደርገው ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ጭነውት ሄዱ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደነዘዝኩ። የጥርስ ሐኪም መርፌ ወግቶህ ድድህ እንደሚሆነው ነው፤ ሲነኩህ ታውቃለህ፣ ግን አያምህም።

የዲሪርሳን ሻንጣ ይዤ ግቢ ገባሁ። ለአዴ ወርቂቱ የሆነውን ሁሉ እንዳለ ነገርኳቸው። ይጮኻሉ፣ ደረት ይመታሉ ብዬ ነበር። አልጮኹም። ከሻንጣው ውስጥ ስሊፒንግ ባጉን ጎትተው አወጡና ፊታቸውን ቀበሩበት።

«ሽታው አለ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምረው እሱ ውስጥ መተኛት ያዙ።

ከኦቦ ገርባ ጋር ልጁን ፍለጋ ያልረገጥነው ጣቢያ የለም። ሱሉልታ «እኛ ጋ የለም»። ቡራዩ «እኛ ጋ የለም»። ወደ ሰበታ የተወሰዱ አሉ ሲሉን ሰበታ ሄድን፤ እዚያም ከኛ ቀድመው የመጡ እናቶች በር ላይ ተኮልኩለው የምሳ ሳሕን ታቅፈዋል፣ ምሳውን የሚቀበላቸው ግን የለም። አንዱ ዘበኛ አዘነልን መሰለኝ፣ ጠጋ ብሎ፣ «ሩቅ ወስደዋቸዋል፤ አትንከራተቱ፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ጠብቁ» አለን። ኦቦ ገርባ አመሰገኑት። 

በጥር ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ኦቦ ገርባ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «እንግዲህ ከቀረ ልጄን ይመልሱልኛ» አሉ። ከዚያ ሬዲዮውን አጥፍተው ወደ ላሞቹ ሄዱ።

ልጁን ግን ማንም አልመለሰም። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ሲዘጋ የወተት መኪናው ይቀራል፣ ግቢው በሙሉ እርጎ እርጎ ይሸታል። ፈረንጆቹም መምጣት ተዉ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የቆርቆሮ አጥር ሳይ እውላለሁ። ሰው ሲያወራኝ እሰማለሁ፣ እመልሳለሁም፤ ምን እንዳልኩ ግን ኋላ አላስታውሰውም። አዴ ወርቂቱም እንደዚያው ናቸው። ያልባሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ለሰላምታ መልስ ይሰጣሉ። ሲመሽ ከረጢታቸው ውስጥ ይገባሉ።

አንድ ጠዋት፣ «ያ ተድላ!» ብለው ተጣሩ። ያ እኛ አንተዬ እንደምንለው ነው። «የዚህን ነገር ጠባይ የምታውቅ አንተ ነህ። ና እስቲ እየው። ሲመጣ እንዲሞቀው ብዬ የማስቀምጥለት ይሄንን ነው፤ እየሞተብኝ ነው።»

ዳሰስኩት። ውይ! ያ የሚነፋፋው ላባ ድቅቅ ብሎ እንደ ቋጠሮ በየጥጉ ተጠራቅሟል። በተለይ ከላይ በራስጌው በኩል ስጨምቀው እጄ ረጠበ። ሽታውም ዝናብ የመታት ዶሮ ሆኗል።

«ማነው ውሃ የደፋበት?» ብዬ ጮኽኩ። ሳልወድ ነው የጮኽኩት፤ ዲሪርሳ ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ።

«ማን ይደፋበታል? ከኔ በቀር የሚነካው የለም።»

«ሲነጋ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል?»

«አላሰጣውም!» አሉ፣ እንደ ሌባ አዩኝ። «ፀሐይና ንፋስ ሽታውን ይወስድብኛል።»

በጥር ዝናብ የለ፤ ጣራውን አየሁት፣ አያፈስም። እንግዲያውስ ከመሬቱ ነው አልኩ። የሱሉልታ ሜዳ ክረምት የጠጣውን ውሃ እስከ በጋ ሲተፋ ነው የሚከርመው። አልጋው ላይ ከፍራሹ ሥር ላስቲክ አነጠፍን። በማግስቱ ባሰበት። ሽቅብ ካልሆነ ቁልቁል ነው፣ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠብ ጤዛ ነው ብዬ ደግሞ ከላይም በላስቲክ እንዲሸፍኑት አዘዝኩ። እኔ አዋቂው! አዴ ወርቂቱም እንደ ሕፃን የነገርኳቸውን ሁሉ ያደርጋሉ።

ሲነጋ አያንቱ ላስቲኩን ይዛልኝ መጣች። በውስጥ በኩል እንደ ድስት ክዳን አልቦታል፤ ስታዘነብለው ውሃው ተንጠባጠበ። ዕድሜዬን ሙሉ ድስት የከደንኩ ሰው ነኝ። ክዳን የሚያልበው ከላይ በሚወርድ ውሃ አይደለም፤ ውስጥ ባለው ነው።

«አያንቱ፣ እናትሽ እንዴት ነው የሚተኙት?»

«እንዴት ነው ማለት? እንደ ሰው ነዋ!»

«እንደ ሰው ሲባል?»

«ተከናንባ ነዋ፣ ጋሼ! ዚፑን እስከ ላይ ትዘጋለች፣ ከዛ የራስጌውን ገመድ ከውስጥ ሆና ትስበዋለች። ጥፍት ነው የምትለው።»

«ትንሽ እንኳ ቀዳዳ አይተዉም?»

«ቀዳዳ ምን ያደርግላታል?» አለች፣ የምሯን ነው።

በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ። እውነቷን ነው። በዚህ አገር ማን አለ አፍንጫውን አውጥቶ የሚተኛ? እኔ ራሴ ቤቴ ስሆን ጋቢዬን ከአናቴ እስከ እግር ጥፍሬ ካልተከናነብኩ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። አፍንጫ የማወጣው ተራራ ላይ ነው፣ ያውም ዲሪርሳ ሲጮኽብኝ። ለዚህ ነው ያልጠረጠርኩት እንጂ ገና ስዳስሰው ማወቅ ነበረብኝ። እርጥበቱን በጣራ በወለሉ ስፈልግ፣ ለካ ሴትዮዋ ላባውን በገዛ ትንፋሻቸው ነው ያሰመጡት።

ሄጄ ነገርኳቸው። ዲሪርሳ ተራራ ላይ ምን እያለ እንደሚዞር፣ እንዴት እንደሚያስቸግረን ሁሉ አወራሁላቸው። 

«ታዲያ ሽታው ያለው ውስጥ ነው» አሉ። «ውጪ ምን አለ? አፍንጫዬን አውጥቼ ምን ላሸት? ውስጥ ስሆን ደግሞ አልሰማም። መኪናውንም፣ ተኩሱንም፣ ውሻውንም አልሰማም። ደህና አድራለሁ።»

 እኔም እንደሳቸው የምገባበት ቢኖረኝ ገብቼ ዚፑን እዘጋው ነበር።

ኦቦ ገርባ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል። መንሻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ገቡና እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ከረጢቱ ውስጥ ሰደዱት። የድርቆሽ ክምር ሲጠራጠሩ የሚያደርጉት ነው። ክምር ከላይ ሲያዩት ደረቅ ነው፤ ሳይደርቅ የተከመረ ከሆነ ግን ሆዱ ይግላል፣ ይሻግታል፣ እጅ ካልሰደድክበት አታውቅም። ትንሽ ቆይተው ክንዳቸውን አወጡና አሸተቱት።

«ይሄ እርጥቡን የተከመረ ድርቆሽ ነው» አሉ። «ካልበተንሽው ውስጥ ለውስጥ ያልቃል። ልጁ ሲመጣ ምን ልታለብሺው ነው?»

አዴ ወርቂቱ ወደኔ ዞሩ። «ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል?»

«ይወስደዋል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ አዴ።»

መዋሸት ይቻል ነበር። ሰው ግን ለመዋሸትም አቅም ይፈልጋል፤ እኔ አቅም አልነበረኝም። ከረጢቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ብዙ ተቀመጡ። ጓሮ ላሟ ስትጮኽ እንኳ አልተነሱም። ኋላ ላይ ግን ብድግ ብለው፣ «ሽታው የኔ ነው። ሙቀቱ የሱ ነው» አሉ። «አውጡትና አስጡት።»

የረጠበ ላባ እንደ አንሶላ ገመድ ላይ አይንጠለጠልም፤ ክብደቱ ስፌቱን ይበጥሰዋል። ድርቆሽ ላይ ንጹሕ ነጠላ አንጥፈን በጀርባው አስተኛነው። እንዳይደርቅ የሚያደርገው ቋጠሮው ስለሆነ፣ አዴ ወርቂቱ አጠገቡ ተንበርክከው እያንዳንዷን ቋጠሮ ከጨርቁ ላይ በጣታቸው እየዳበሱ፣ ጥጥ እንደሚያፍታታ ሰው ይፈቷታል። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል አጥፈን እናስገባለን፤ ሲረፍድ እንደገና እናወጣለን። ጎረቤቱ ባጫ በአጥር አሻግሮ አይቶ፣ «ምንድነው፣ በሽተኛ አላችሁ እንዴ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። እሱም ሳይቀየም መንገዱን ቀጠለ፤ ያን ሰሞን በየቤቱ መልስ የማይሰጥ ሰው ነበር።

እየዋለ እያደረ ላባው ነፍስ ዘራ። እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ስትጫነው ይሰረጉድና ቀስ ብሎ ይነሳል። አዴ ወርቂቱ ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«ፀሐይ ፀሐይ ነው የሚለው» አሉ።

አላለቀሱም። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። እኔም ውስጤን ፈተሽኩት፣ ምንም የለም። ደህና አድርገን ያደረቅነውን ላባ ቆመን አየነው፤ ከዚያ አዴ ወደ ወተታቸው፣ እኔ ወደ በርጩማዬ ሄድን።

እንግዲህ አጥፈው ያስቀምጡለታል ስል፣ አሁንም ተኙበት። «ሰው የማይኖርበት ቤት ይፈርሳል፤ ይሄም እንደዚያው ነው» አሉኝ። ግን ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው፣ አፍንጫቸውን አውጥተው። ከባድ ነው ላልለመደ ሰው፤ አፍንጫህ በረዶ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ላሟ ሥር ቁጭ ብለው ሌሊቱን የሰሙትን ይነግሩናል። ወደ ፍቼ ከባድ መኪና አለፈ። በቡራዩ በኩል የሆነ ነገር ፈነዳ። የነባጫ ውሻ አለቀሰ።

«አንተ አፍንጫ ውጪ አልከኝ፣ ጆሮዬም አብሮ ውጪ ቀረ» አሉኝ አንድ ቀን። ሳቅኩ መሰለኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ፋሲካ ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ «ኢልመ ኮ! ኢልመ ኮ!» የሚል ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ውሻችን አልጮኸም። በሩንም ያንኳኳ ሰው አልነበረም፤ ኋላ እንደነገሩን፣ ቆርቆሮውን በጣት ጫር ጫር የሚያደርግ ነገር ነው የሰሙት። ተከናንበው ቢሆን ኖሮ አይሰሙትም ነበር። እኔማ ጋቢዬ ውስጥ ነበርኩ፣ ምን እሰማለሁ?

በባዶ እግራቸው ሮጠው ከፍተውለታል። ዲሪርሳ ቆሟል። ራሱን ተላጭቷል፣ የሱ ያልሆነ ሹራብ ለብሷል፤ በአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ፣ በአንዱ የተቀደደ ሸራ ጫማ። ጉንጩ ገብቷል።

«አካም ቡልተን» አለን። እንዴት አደራችሁ ማለት ነው። እንዲህ፣ ከጎረቤት እንደመጣ ሰው።

ኦቦ ገርባ ግንባሩን ሳሙትና ፊታቸውን ወደ በረቱ አዞሩ። አያንቱ እግሩ ላይ ተጠምጥማ ትነፋረቃለች። አዴ ወርቂቱ አንገቱን ይዘው፣ ፊታቸውን አንገቱ ሥር አስገብተው ቆዩ። ቀና ሲሉ አየኋቸው፤ ግራ የገባቸው ሰው ፊት ነው። ኋላ ጓሮ አግኝተውኝ፣ ማንም እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «ተድላ፣ ሽታው እሱም ላይ የለም» አሉኝ።

ትኩስ ወተት ሰጡት፤ ጠጣ አልጠጣ ሳይለይ አስቀመጠው። የት እንደነበር አልተጠየቀም፣ አልተናገረምም። ከዚያ ከረጢቱን አልጋው ላይ አየው። ሄዶ በመዳፉ ጫን አደረገና ለቀቀው። ላባው ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ደረቅ ነው» አለ።

«አፍንጫዬን አውጥቼ ነው የማድረው!» አሉ አዴ ወርቂቱ። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ሲኮራ አላየሁም።

ሊስቅ ሞከረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ዓይኑ ግን አልተከተለውም። ጫማዎቹን አውልቆ፣ ከነሹራቡ እግሩን ሰዶ ገባ። ዚፑን እስከ ላይ ዘጋው። የራስጌውን ገመድ ከውስጥ ሳበውና ቀዳዳዋ ጥፍት አለች። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው።

ለጥየቃ የመጣው ዘመድ ሁሉ ከረጢቱን አይቶ ነው የሚመለሰው። ሲርበው ይወጣል፣ ይቀምሳል፣ ይመለሳል። እኔ መጀመሪያ ታገስኩ። በኋላ ግን ብስጭት አለኝ፤ በሱ አይደለም፣ በማን እንደሆነም አላውቅም። አንድ ከሰዓት ገባሁና አጠገቡ ቆምኩ። አፉ ባለበት በኩል ጨርቁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዙሪያው ጠቁሯል፣ ረጥቧል። እንደ ድሮው ላስቀው አልኩ።

«ዲሪርሳ! አፍንጫ ውጪ!»

ጨርቁ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አልተከፈተም።

«አንተ ልጅ፣ ስንቱን ስታስለቅስ አልነበረም እንዴ? አፍንጫ ውጪ ብዬሃለሁ!»

ከውስጥ ድምፁ መጣ። «መብራቱ አይጠፋም እኮ፣ ጋሼ» አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ የበራ መብራት አልነበረም። መስኮቱም ዝግ ነበር። እዚያ ታስሮ ሳለ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሲበራበት እንደኖረ ሲገባኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ የደነዘዘው ነገር ለቀቀኝ፣ ሲለቀኝ ደግሞ አመመኝ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ከጫንጮ ወዲህ ማልቀሴ ነበር።

አዴ ወርቂቱ የወተት ባልዲ ይዘው በር ላይ ደርሰዋል። «ዲሲ፣ ተድላ» አሉኝ። «ተወው።»

«ይበላሻል እኮ፣ አዴ! ያን ሁሉ ለፍተን፣ እየረጠበ ነው!»

«ይርጠብ። አደርቀዋለሁ።»

አደረቁትም። በየቀኑ ረፋዱ ላይ ልጁን ምን እንደሚሉት እንጃ፣ ብቻ አስነስተው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። እሳቸው ከረጢቱን ይዘው ወደ ድርቆሹ ይሄዳሉ። ትንፋሹ ያራሰውን ቦታ ያገኙና፣ ቋጠሮውን በጣታቸው ከመፍታታቸው በፊት፣ ሳያስጡት፣ አፍንጫቸውን እዚያችው ላይ ያስጠጋሉ።

አንድ ቀን አጠገባቸው ሆኜ፣ «ሽታው መጣ?» አልኳቸው።

እንደገና አሸተቱት።

«ገና ነው» አሉና ፀሐይ ላይ አሰጡት።